ከጉንፋን በኋላ ደረቴን ወጋኝ፦ ስለ ልብና ስለ ትሮፖኒን የጠየቃችሁን

ባለፈው ዕትም ስለ ኢንፍሉዌንዛ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ልብ ላይ ነው የሚያርፉት። «ዶክተር» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ፦ ሐኪም አይደለሁም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደማችሁን ቀድቼ ቁጥር የማወጣው ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ቁጥሩ እናወራለን፣ ስለ መድኃኒቱ ሐኪማችሁን ትጠይቃላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ የሕይወት ታሪካችሁን ነው የላካችሁልኝ፣ አንብቤዋለሁ ግን።

ጥያቄ፦ «ባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው የምሠራው። ጉንፋኑ ለቀቀኝ ካልኩ ከሳምንት በኋላ ደረቴ መሀል ላይ ይወጋኝ ጀመር። ስተኛ ይብሳል፣ ቀና ብዬ ስቀመጥ ይሻለኛል። እናቴ ብርድ ነው አለች፣ ጓደኞቼ ጨጓራ ነው አሉ። ክሊኒክ ስሄድ ታይፎይድ አለብህ ተባልኩ። ትሮፖኒን የሚባል የልብ ምርመራም በካሴት አዩልኝ፣ ኔጋቲቭ ነው። ልቤ ነፃ ነው ማለት ነው?»

መልስ፦ ገና አልታወቀም ወንድሜ። ኔጋቲቭ ስንባል ቶሎ እፎይ እንላለን፣ ግን በምን ታይቶ፣ መቼ ታይቶ ነው ኔጋቲቭ የሆነው?

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። ቦታው ሴሉ ውስጥ ነው። ሴሉ ሲጎዳ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል፣ እኛም እሱን እንለካለን። አይ እና ቲ የሚባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ልብ ውስጥ የራሳቸው መልክ ስላላቸው ከሌላ ጡንቻ ጋር ብዙም አይምታቱም። ከዚህ በፊት በሰፊው ይታዘዝ የነበረው ሲኬ-ኤምቢ የሚባል ሌላ የልብ ምርመራ ግን ከእግርና ከክንድ ጡንቻም ስለሚወጣ ያወዛግብ ነበር።

አሁን ወደ ካሴቷ እንምጣ። ጥቂት ጠብታ ደም ይጨመርባታል፣ አንድ ወይም ሁለት መስመር ታወጣለች፣ አለቀ። ከእነዚህ ካሴቶች ብዙዎቹ ሁለተኛውን መስመር የሚያወጡት ትሮፖኒን አይ በሚሊሊትር 0.5 ናኖግራም ሲደርስ ነው። በሊትር ስናሰላው 500 ናኖግራም ይሆናል። ትልቁ የላቦራቶሪ ማሽን ላይ ደግሞ ለምሳሌ ለትሮፖኒን ቲ የጤነኛ ሰው ጣሪያ ተብሎ የተያዘው በሊትር 14 ናኖግራም ነው። የአይ እና የቲ ቁጥር አንድ አይደለም፣ ርቀቱን ለማሳየት ያህል ነው። ቫይረስ የሚያደርሰው መለስተኛ ጉዳት እዚህ መሀል ሊቀር ይችላል፤ ካሴቷ አታየውም።

ሰዓቱም አለ። ህመሙ እንደጀመረ የተቀዳ ደም ምንም ላያሳይ ይችላል። በቆዩት የምርመራ ዓይነቶች ትሮፖኒን የሚታየው ህመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ አዲሶቹ ቀደም ይላሉ። አንዴ ከወጣ ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ለዚህ ነው ሐኪሞች አንዴ አይተው የማይለቋችሁ፣ ድጋሚ ይቀዳ የሚሉት። ላቦራቶሪ በር ላይ «ኧረ ደሜን ጨረሳችሁት!» እያላችሁ የምትቆጡን ሰዎች ይህቺን ያዙልኝ።

አንተን በሚመለከት ግን ከካሴቷ በላይ ያሳሰበኝ የገለጽከው ህመም ነው። ከጉንፋን በኋላ የመጣ፣ ስትተኛ የሚብስ፣ ስትቀመጥ የሚሻልህ የደረት ህመም የልብ ሽፋን ብግነት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ከሽፋኑ አልፎ ጡንቻውንም ይነካል፣ ማዮካርዳይተስ ይሉታል። ወጣት ወንዶች ላይ ይበዛል። ኮክሳኪ፣ አዴኖ፣ ፓርቮ ቢ19፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ፣ ሁሉም በዚህ ስማቸው የሚነሳ ቫይረሶች ናቸው። ትሮፖኒኑ ኖርማል ሆኖ ማዮካርዳይተስ ያለበትም ሰው አለ። ስለዚህ ኢሲጂ የሚባለው የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልግሃል፣ ዛሬውኑ። ደረትህ ላይ ሽቦ ተለጥፎ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነገር ነው። ከዚያ ሐኪሙ ካመነበት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያዝልሃል፣ ነገሩን በደንብ ለመለየት ደግሞ የልብ ኤምአርአይ አለ።

ታይፎይዱን በተመለከተ፣ ዊዳል በሚባለው ምርመራ ብቻ ከሆነ የተባልከው አያረጋግጥም። ቢኖርብህ እንኳ ለደረትህ መልስ አይሆንም። ዳማከሴና ፌጦ ለጉንፋን የቤታችን ወግ ነው፣ እናትህን አልጣላም፤ የደረት ህመም ግን ብርድ ነው ተብሎ የሚታለፈው ልብ ከታየ በኋላ ነው። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ልብህ ያለ አግባብ ከደለቀ ወይም ራስህን ከሳትክ ወደ ሆስፒታል ባጃጁን አንተ አትንዳ። ሌላ ሰው ይንዳልህ።

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመቱ ነው፣ ስኳርና ኩላሊት አለበት። ኢንፍሉዌንዛው ወደ ሳንባ ምች ዞሮበት ሆስፒታል ተኛ። ትሮፖኒኑ 48 ነው ሲሉን ቤተሰቡ ተላቀሰ። ከ3 ሰዓት በኋላ 51 ሆነ። ሐኪሙ ግን "ልቡ ጫና አለበት፣ ሃርት አታክ አይመስልም" አለን። ከጣሪያው በላይ ሆኖ እንዴት ሃርት አታክ አይሆንም? ፕሮቢኤንፒ የሚባልም ከፍ ብሏል።» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ እህቴ። ሐኪሙ የነገራችሁ ነገር ከቁጥሮቹ ጋር ይገጥማል።

ትሮፖኒን የልብ ሴል መጎዳቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደጎዳው አይናገርም። ሰው ሃርት አታክ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የልብ ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣውን ነው። ቫይረስ ግን የሚገባበት በር ብዙ ነው። አንዳንዴ ራሱ ሴሉ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ ቫይረሱን ሊያጠፋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ልብንም ጨምሮ ያቃጥላል። ትኩሳቱ ልብን ያስሮጣል፣ ሳንባው ደግሞ በምች ታፍኖ ኦክስጅን አይሰጥም፣ ስለዚህ ልብ ብዙ እየሠራ ትንሽ ይበላል። ደቃቅ የደም መርጋትም አለ። በእነዚህ ሁሉ ትሮፖኒን ይወጣል፣ ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። የደም ማቅጠኛ ለአንዱ ሕይወት ሆኖ ለሌላው ምንም ላይጠቅም፣ ሊያደማም ይችላል።

ታዲያ ሐኪሙ በምን ለየ? አንዱ ነገር የቁጥሩ አካሄድ ነው። ከ48 ወደ 51 በመቶኛ 6 ገደማ ነው። መነሻው ቀድሞ ከፍ ያለ ሰው ላይ አዲስ ጉዳት አለ ለማለት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ ይጠበቃል። የአባትሽ ኩላሊት ደግሞ ታሟል፤ የኩላሊት ሕመምተኞች ደህና በሆኑበት ቀን እንኳ ትሮፖኒናቸው ከጣሪያው በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁጥሩ ከ48 ወደ 300 ቢዘል ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር። ኢሲጂውንም አይቶ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ፕሮቢኤንፒ ሙሉ ስሙ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው፣ የሚያወራውም ስለ ሌላ ነገር ነው። የልብ ክፍሎች በጫና ሲወጠሩ የሚለቁት ነው፤ ጉዳትን ሳይሆን መወጠርን ነው የሚናገረው። ትንፋሽ አጥሮት የመጣ ሰው ላይ በሊትር ከ300 ናኖግራም በታች ከሆነ ድንገተኛ የልብ ድካምን ለማራቅ በጣም ይጠቅማል። ከፍ ሲል ግን ዕድሜም፣ ኩላሊትም፣ ራሱ የሳንባ ምቹም ድርሻ ስላላቸው ቁጥሩን ብቻ ይዞ መደምደም አይቻልም። በተቃራኒው ወፍራም ሰው ላይ ከሚጠበቀው ዝቅ ብሎ ያታልላል።

«ሃርት አታክ አይደለም» ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። በኮቪድ መጀመሪያ፣ በ2020፣ በቻይናዋ ውሃን ከተማ ሆስፒታል የተኙ 416 ታማሚዎች ተጠንተው 82ቱ ላይ የልብ ጉዳት በትሮፖኒን ታይቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል፤ ትሮፖኒናቸው ካልጨመረው ውስጥ የሞቱት ግን 4.5 በመቶ ናቸው። ልቡ የተነካ ሰው መጀመሪያውንም ዕድሜው የገፋ፣ ስኳርና ግፊት ያለበት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፣ ቢሆንም ቁጥሩ ማንን ጠጋ ብለን እንደምንከታተል ይጠቁማል። ኢንፍሉዌንዛም የዋህ አይደለም። በ2018 ከካናዳ ኦንታሪዮ የወጣ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ሃርት አታክ የመምጣቱ ዕድል 6 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ አባትሽ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ደረቴን ካለ «እሱ ጉንፋኑ ነው» እንዳትሉት።

አንድ ነገር ከላቦራቶሪ ሰው፦ የድሮ ውጤት ወረቀት አትጣሉ። ከዓመት በፊት ትሮፖኒኑ 45 የነበረ ሰው ዛሬ 48 ቢሆን ሐኪሙ በሰከንድ ይገባዋል። ድጋሚ ሲለካም በአንድ ማሽን ይሁን። ከአንዱ ላቦራቶሪ የወጣ 48 እና ከሌላው የወጣ 90 ሁለቱም ትክክል ሆነው ሊለያዩ ይችላሉ፣ አሠራራቸው ይለያያልና። በሚሊሊትር ነው በሊትር የሚለውንም እዩ። 0.048 እና 48 አንድ ቁጥር ሆነው ስንት ቤት ሲያስለቅሱ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ቼክአፕ ላደርግ ነው። ከኮሌስትሮልና ከስኳር ጋር ትሮፖኒንም ልጨምር?» (ከፒያሳ)

መልስ፦ አይጨምሩ። ምልክት የሌለው ሰው ትሮፖኒን ቢለካ ወይ ኖርማል ሆኖ ገንዘብዎ ይሄዳል፣ ወይ ትንሽ ከፍ ብሎ እንቅልፍዎ ይሄዳል። የትሮፖኒን ኖርማል መሆን ነገ ሃርት አታክ አይመጣም ማለት አይደለም፤ የዛሬ ሁኔታን ነው የሚያሳየው። ገንዘቡን ግፊትዎን በየጊዜው ለመለካት ያውሉት።

ጥያቄ፦ «የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ትሮፖኒንን ከጣት ደም የሚለካ ባዮሴንሰር መሥራት አስቤያለሁ፣ ልክ እንደ ስኳር መለኪያዋ። ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ ኮቪድ ወይም ኢንፍሉዌንዛ የያዘውን ሰው ልብ ወዲያው ለማየት። ይቻላል ወይስ ህልም ነው?»

መልስ፦ ህልም አይደለም። በእጅ የሚያዙ የትሮፖኒን መሣሪያዎች ከተሠሩ ቆይተዋል፣ አዳዲሶቹም ወደ ትልቁ ማሽን እየተጠጉ ነው። ግን «ልክ እንደ ስኳር መለኪያዋ» የምትለዋ ላይ ቆም በል፣ ጭንቁ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ስኳር መለኪያዋ ራሷ ባዮሴንሰር ናት። መሠረቱን የጣሉት ክላርክ እና ላየንስ ናቸው፣ በ1962። ኤሌክትሮድ ላይ ኢንዛይም አስቀመጡ፤ ኢንዛይሙ እንደ ወፍጮ ነው፣ የመጣለትን ስኳር እያከታተለ ይፈጫል፣ በፈጨ ቁጥር ምልክት ይወጣል። ስኳሩም የትየለሌ ነው። ጾመህ ስትለካ 90 የሚለው ቁጥር በሊትር ወደ 0.9 ግራም ይመጣል። ትሮፖኒን ቲ ደግሞ ጣሪያው ላይ 14 ናኖግራም ነው፣ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። በክብደት ከስኳሩ ከ60 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ ነገር ነው ልትፈልግ የተነሳኸው፣ ያውም በአንዲት ጠብታ ደም ውስጥ።

ሌላው ደግሞ ትሮፖኒንን የሚፈጭ ኢንዛይም የለህም። ያለህ አንቲቦዲ ነው፣ አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን። እሱ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ ዝም ነው። ስለዚህ መያዙን በሌላ መንገድ ማወቅ አለብህ፦ ሁለተኛ አንቲቦዲ ላይ ኢንዛይም ወይም የወርቅ ቅንጣት አስረህ፣ ወይም ትሮፖኒኑ የወርቅ ኤሌክትሮዱ ላይ ሲለጠፍ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ምን ያህል እንደተለወጠ ለክተህ። ደም ውስጥ ደግሞ አልቡሚኑ፣ ምኑ ምኑ ሁሉ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ያንን የማይለጠፍበት ገጽ ካላዘጋጀህ የምትለካው ትሮፖኒን ሳይሆን ትርኪ ምርኪውን ነው።

ግራፊን ትራንዚስተር፣ ማለትም ገጹ ላይ የተያዘውን ነገር የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚሰማ ስስ የካርቦን መሣሪያ፣ አስበህ ከሆነ (የምህንድስና ልጆች ሁሉ እሱን ይወዳሉ) ጨዉን እንዳትረሳ። በደም ጨውነት ልክ ትራንዚስተሩ የሚሰማው ከገጹ 1 ናኖሜትር እንኳ የማይሞላ ርቀት ነው፣ አንድ አንቲቦዲ ደግሞ ወደ 10 ናኖሜትር ይቆማል። የሚይዘው ነገር ከሚሰማበት ክልል ውጪ ነው ማለት ነው። ብዙ የሚያምሩ ውጤቶች በቀጠነ ጨው ውሃ ውስጥ ተለክተው ሙሉ ደም ሲገባባቸው የሚከሽፉት ለዚህ ነው። በአንቲቦዲ ፈንታ አጫጭር አፕታመሮችን (እንደ አንቲቦዲ የሚይዙ የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ቁራጮችን) መጠቀም አንዱ መውጫ ነው።

የምትመዘንበትንም መስፈርት እወቅ። ከፍተኛ ጥራት ያለው የትሮፖኒን ምርመራ ለመባል ከጤነኛ ሰዎች ቢያንስ ግማሹ ላይ ቁጥር ማንበብ መቻል አለበት፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ደጋግመህ ስትለካ መዋዠቁ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። «ሴንሰሬ ትሮፖኒን አገኘ» ማለት ብቻ አይበቃም። ገጠር ጤና ጣቢያ ካልክ ደግሞ መብራት እንደሚጠፋ ታውቃለህ፤ አንቲቦዲህ ያለ ፍሪጅ ስንት ሳምንት ይቆያል? እኔ ብገመግምህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሷ ናት።

ምክሬን ከፈለግክ በሲአርፒ ጀምር። የብግነት ምልክት ነው፣ በሊትር ሚሊግራም ውስጥ ስለሚገኝ ሚሊዮን ናኖግራሞች አሉህ፣ ቫይረስ የያዘው ሰው ላይም ይጠቅማል። ገጽ ማዘጋጀቱን፣ ማጠቡን፣ ምልክት ማንበቡን በእሱ ተለማመድና ያንኑ ወደ ትሮፖኒን ውሰደው። መጠኑ በሚታወቅ ናሙና፣ ከዚያ በሴረም፣ ከዚያ ከላቦራቶሪ ማሽን ጋር ጎን ለጎን። የሰው ደም ከመንካትህ በፊት ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፤ የጓደኞችህን ጣት እየወጋህ እንዳትጀምር።

ጥያቄ፦ «ጡረተኛ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር እሮጣለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ልጄ የላከችልኝ የእጅ ሰዓት የልብ ምት ያሳያል፣ ደህና ነህ ይለኛል። ልሩጥ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ሰዓቱ ምትዎን ይቆጥራል፣ አንዳንዱም የምት መዛባትን ይጠቁማል። ትሮፖኒን አይለካም፣ ስለ ልብ ጡንቻ ብግነትም አያውቅም። ትኩሳት እያለ አይሩጡ። ተራ ጉንፋን ሆኖ ካለፈ በእርምጃ ይጀምሩና ይጨምሩ። ዳገት ላይ ከድሮው የተለየ ድካም፣ የደረት መጨነቅ ወይም መዞር ከመጣ ያቁሙና ይታዩ። ማዮካርዳይተስ የተገኘበት ሰው ግን ለወትሮው ከ3 እስከ 6 ወር ከከባድ ስፖርት እንዲርቅ ይመከራል። ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲመጡ ደግሞ በዚያው ጠዋት ረጅም ሮጠው አይምጡ፣ ጤነኛ ሯጭም ከማራቶን በኋላ ትሮፖኒኑ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ «ልጄ ቶንሲል ይመላለስባታል። ቶንሲል ወደ ልብ ይወርዳል ይባላል። ይህ የልብ ቫይረስ የምትሉት እሱ ነው? በትሮፖኒን ይታያል?» (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ሌላ ነገር ነው እናቴ፣ ፍርሃትዎ ግን ከንቱ አይደለም። ወደ ልብ የሚያደርሰው ቶንሲል የባክቴሪያ ነው፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው። ባክቴሪያው ራሱ ልብ ውስጥ አይገባም፤ እሱን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልብን ቫልቭ ይጎዳል። በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ የምናየው የልብ ችግር ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

የቫልቭ ጉዳት የሚታየው በኢኮ ነው። ትሮፖኒን ኖርማል መሆኑ እዚህ ላይ አያጽናናም። ኤኤስኦ የሚሉት የደም ምርመራም ባክቴሪያው አግኝቷት እንደነበር እንጂ ልቧ መነካቱን አይናገርም። አብዛኛው የጉሮሮ ህመም የቫይረስ ነው፣ ንፍጥና ሳል ካለው ወደዚያ ያደላል። ያለ ንፍጥና ያለ ሳል ትኩሳትና መዋጥ የሚከለክል ህመም ካላት ግን ሐኪም ይያት፣ ፀረ ባክቴሪያ ከታዘዘም ተሻላት ብለው መሀል ላይ አያቋርጡት። ከቶንሲሉ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ህመምና እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ካዩ አይቆዩ። ቫልቯ ተነክቷል ከተባለ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የምትወጋው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን አለ፤ ቀኑ እንዳያልፋት።

ጥያቄ፦ «ለፀጉሬና ለጥፍሬ ባዮቲን እወስዳለሁ። የደም ምርመራ ያበላሻል የሚባለው እውነት ነው?»

መልስ፦ እውነት ነው፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ያለው። አንዳንድ ማሽኖች አሠራራቸው ላይ ራሱን ባዮቲንን ስለሚጠቀሙ ደምሽ ውስጥ ሲበዛ ይሻማባቸዋል፣ ትሮፖኒኑንም ከእውነቱ ዝቅ አድርገው ሊያነቡ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚህ ሲያስጠነቅቅ፣ በዚህ ምክንያት ትሮፖኒኑ በሐሰት ዝቅ ብሎ የታየ አንድ ታማሚ መሞቱ ሪፖርት እንደተደረገለት ገልጿል። በ2019ም ማስጠንቀቂያውን አድሶታል። ሐኪሙ መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ ሲልሽ ቫይታሚን መድኃኒት ስለማይመስልሽ አልወስድም እንዳትዪ። ደም ከመቀዳትሽ በፊት ለእኛም ንገሪን፤ የዕቃውን ፎቶ ስልክሽ ላይ ካለ ደግሞ መጠኑን አብረን እናያለን።